የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የ«ኢዚ» ማስተርስ፦ በእርግጥ ምን ይማሩበታል?

በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በጊዜው «ኢቮሉሽነሪ ኤንድ አዳፕቲቭ ሲስተምስ» (በዝግመተ ለውጥ የሚሻሻሉና ከአካባቢያቸው ጋር የሚላመዱ ሥርዓቶች) ይባል ነበር፤ እኛ ተማሪዎቹ ባጭሩ «ኢዚ» እንለው ነበር። ከመሄዴ በፊት ጉዳዬን የያዘልኝ አማካሪ ድርጅት «ያው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው» ብሎኝ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት በግርታ ነው። ሌላ አመልካች እንደኔ እንዳይቸገር ትምህርቱ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልግለጽ።

የትምህርቱ መነሻ የሆነው ሰው ሠራሽ ሕይወት የሚባለው የጥናት ዘርፍ ስሙ የተሰማው ክሪስቶፈር ላንግተን እ.ኤ.አ. በ1987 በሎስ አላሞስ ካዘጋጀው ጉባኤ ወዲህ ነው። ዘርፉ የሚጠይቀው፣ ሕይወት ያለው ነገር ከሚለዋወጥ አካባቢ ጋር እንዴት ተላምዶ ይኖራል፣ ይህንንስ በኮምፒውተርና በሮቦት ሠርተን ልንረዳው እንችላለን ወይ የሚለውን ነው። በሰሴክስ ይህን ጥያቄ የያዘውን ማዕከል የመሠረቱት የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ማይክል ኦሼይና የሮቦት ተመራማሪው ፊል ሃዝባንድስ ናቸው፤ ስለዚህም ጉንዳን የቦታ ምልክት እያየች ወደ ቤቷ እንዴት እንደምትመለስ የሚያጠናው ሰውና ሮቦት የሚሠራው ሰው ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ለኔ የትምህርቱ ትልቁ ጸጋ ይህ ጉርብትና ነው።

ነገሩ በውል የገባኝ ግን በአንድ የቤት ሥራ ነው። ሁለት ጎማና ሁለት የብርሃን ዳሳሽ ያለው ሮቦት በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በማስመሰል) ሠርተን ወደ ብርሃን እንዲሄድ ማድረግ ነበረብን። ጎማዎቹን የሚያዘው ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ (የነርቭ ሴሎችን ትስስር የሚመስል ፕሮግራም) ሲሆን፣ የትስስሩን ጥንካሬ የሚወስኑትን ቁጥሮች እኛ አንወስንም፤ ጄኔቲክ አልጎሪዝም በዘፈቀደ ከተፈጠሩት መካከል የተሻሉትን እየመረጠ፣ እያዳቀለና በጥቂቱ እየለወጠ በየትውልዱ ያሻሽላቸዋል። የኔ ሮቦት ቶሎ ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፤ በስክሪኑ ላይ ሳየው ግን ብርሃኑን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ሰፊ ክብ እየሠራ ይዞር ነበር። ብርሃኑን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለማስቀምጠው ክቡ በአጠገቡ ያልፋል፣ እኔም ነጥብ የምሰጠው ለቅርበት ነው። የብርሃኑን ቦታ በየሙከራው ስቀያይር፣ በዳሳሾቹም ንባብ ላይ ሁከት (በዘፈቀደ የሚመጣ መዛባት) ስጨምር፣ ሮቦቱ እየተጠማዘዘ ብርሃኑን መከተል ጀመረ። ኒክ ጃኮቢ በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያሳየውም ይህንን ነው፤ በሲሙሌሽኑ ውስጥ የማንተማመንበትን ነገር ሁሉ በበቂ ሁከት ከሸፈንነው፣ የተገኘው መቆጣጠሪያ በእውነተኛው ሮቦት ላይም ይሠራል።

ከዚህም የሚበልጥ አስደናቂ ሥራ አለ። ኤድሪያን ቶምፕሰን፣ እንደገና ሊዋቀር በሚችል ቺፕ ላይ ከ100 በማይበልጡ ሴሎች (የቺፑ ትንንሽ ክፍሎች) 1 ኪሎኸርዝና 10 ኪሎኸርዝ ድምፅን የሚለይ ሰርኪውት በጄኔቲክ አልጎሪዝም ምርጫ ብቻ እንዲገኝ አደረገ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1996 አቀረበ። ጊዜ የሚቆጥር ክሎክ አልተሰጠውም። ከመውጫው ጋር ምንም የሽቦ ግንኙነት የሌላቸው አንዳንድ ሴሎች ሲታገዱ እንኳ ሰርኪውቱ ይሰናከላል፤ ምርጫው የቺፑን የራሱን ፊዚክስ ተጠቅሞበታልና። ይህ ሥራ በተከናወነበት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ መማር ልብ ይሞላል።

የአንድ ዓመቱ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን፣ በበጋው የሚሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻውን 60 ይይዛል። ጊዜው አጭር ነው፤ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ፕሮግራሚንግ ሳይዝ የሚሄድ ሰው ይጨነቃል። እኔ ሒሳቡን ይዤ ሄጄ በሥነ ሕይወቱ ተቸግሬያለሁ፤ አብረውኝ ከተማሩት መካከል ከሥነ ሕይወት የመጡት ደግሞ በኮዱ ተቸግረዋል። እርስ በርስ ተረዳድተን ነው ያለፍነው። ቶሎ ተመርቆ በባንክ የዳታ ሥራ መግባት ለሚፈልግ ሰው ይህን ትምህርት አልመክርም፤ ትዕግሥት ላለውና ለምርምር ለሚያስብ ሰው ግን ከልቤ እመክራለሁ።

የዚህ ዓይነት ትምህርት ስሙም ይዘቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ከማመልከታችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አንብቡ። ጄኔቲክ አልጎሪዝም፣ ሮቦትና የእንስሳት ባሕርይ አብረው ከሌሉበትና ያለው ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) ብቻ ከሆነ፣ እኔ እዚህ የገለጽኩት ትምህርት አይደለም።