‹ኢትዮጵያ› መርከብ በ27 ሴንቲ ሜትር

ይህ ግምገማ ስለ አንድ የመርከብ ሞዴል ነው። ሞዴሉ በ1፡350 መጠን (ከእውነተኛዋ 350 ጊዜ አንሶ) በሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር የተቀረጸ፣ ተበታትኖ በሣጥን የሚሸጥና ገዢው ራሱ ገጣጥሞ ቀለም የሚቀባው ሲሆን፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም «ኦርካ» ይላል። ኦርካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። እኔ ግን የገዛኋት በዚያ ስሟ አይደለም። ይህችው መርከብ ከ1962 ጀምሮ «ኢትዮጵያ» ተብላ፣ ኤ 01 የሚል ቁጥር ይዛ፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ሆና ያገለገለችው ናት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ሞዴሉን የመዘንኩት በእጅ ሥራው ብቻ ሳይሆን፣ አብሮት የመጣው የታሪክ ወረቀት ለመርከቧ የአገልግሎት ዘመን ምን ያህል ታማኝ እንደሆነም በማየት ነው።

መርከቧ ምን ዓይነት እንደነበረች አስቀድሞ ያላወቀ ሰው የሞዴሉ ቅርጽ ግራ ያጋባዋል። ከፊት ሲያያት ተዋጊ ትመስለዋለች፤ ከኋላ ሲያያት ደግሞ ጭነት ጫኝ። ኦርካ የምትመደብባቸው የባርነጋት ዓይነት መርከቦች የተሠሩት ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ስንቅና ትጥቅ እንዲያቀብሉ ነው። ካታሊናን የመሰለ የባሕር አውሮፕላን የአስፋልት ማረፊያ አያስፈልገውም፤ ነዳጅ፣ ቦምብ፣ መለዋወጫና መካኒክ፣ ለበረራ ሠራተኞቹም ትኩስ ምግብና መኝታ ግን ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ተሸክማ ጥልቀት ወደሌለው የባሕር ወሽመጥ የምትገባ መርከብ ካለች፣ ትናንት ምንም ያልነበረበት ዳርቻ ዛሬ የአየር ጣቢያ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ከነሙሉ ጭነቷ 2,750 ቶን የምትመዝን ብትሆንም ውሃ ውስጥ የምትጠልቀው ከ4 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሆዷ ውስጥ 80,000 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 300,000 ሊትር የሚጠጋ የአውሮፕላን ቤንዚን ትይዛለች። ያን ያህል ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ካሚካዜ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ከመርከብ ጋር አላትሞ አብሮ የሚሞት የጃፓን አብራሪ፣ እስኪመጣ መጠበቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ቀራጩ ይህ የገባው ሰው መሆኑ የሚታወቀው በኋለኛው ደክ (የመርከቧ የላይኛው ወለል) ላይ ነው። ቀፎው አንድ ወጥ ነው፤ የአየር ቀዳዳ ያገኘሁበት ሦስት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉንም በመሙያ ዘግቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። የኋለኛው ደክ ግን ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል፤ አውሮፕላን ከውሃ ተነሥቶ ለጥገና የሚቀመጥበት ሜዳ ነውና። ከአጠገቡ የሚቆመው ክሬን ከስስ የነሐስ ቆርቆሮ የተቆረጠ ሲሆን፣ ክንዱ የመሰላል ቅርጽ ባላቸው አራት ጎኖች ተጣጥፎ ይሠራል። ለዚህ ክንድ ብቻ ሁለት ምሽት ሄዶብኛል። አንዱ ጎን ከወረንጦዬ አፈትልኮ ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ተንበርክኬ በእጅ ባትሪ ስፈልገው የቤቱ ሰዎች ያዩኝ የነበረውን አስተያየት አልረሳውም። ክንዱ ተጣጥፎ ሲያልቅ ግን በብርሃን ፊት ሲያዙት በውስጡ አሻግሮ ያሳያል፤ በዚህ መጠን ከዚህ የተሻለ ክሬን አላየሁም። ምሰሶው በአንጻሩ ጎብጦ ነው የመጣው። ሬዚን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ስለሚለዝብ ማቃናቱ አይከብድም፤ ሆኖም በዚህ ደረጃ የሚሸጥ ዕቃ ተጣሞ ሊመጣ አይገባም ነበር።

ሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ ከመርከቧ ፊት ከባሕር ዘልሎ የሚወጣ ኦርካ ዓሣ ነባሪ ያሳያል። የእነዚህ መርከቦች ስም ግን ከእንስሳ ሳይሆን ከባሕር ወሽመጦች የተወሰደ ነው፤ ኦርካ አላስካ ውስጥ ያለ ወሽመጥ ነው፣ ባርነጋትም እንዲሁ ኒው ጀርሲ ውስጥ። ስሟን ሳያጣራ ሥዕል ያሣለ ሻጭ ታሪኳን እንዴት ይጽፈው ይሆን ብዬ የተጠራጠርኩት ወረቀቱን ከመዘርጋቴ በፊት ነበር።

ወረቀቱ ስለ ጦርነቱ ዘመን የሚለው ግን በአብዛኛው ትክክል ነው። መርከቧ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ማነጫ ተሠርታ፣ በጥቅምት 1942 ውሃ ላይ ወርዳ፣ በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። ወደ ኒው ጊኒና ወደ ፊሊፒንስ ዘምታ ካታሊናዎችን ስታቀብል ቆየች፤ በጥር 1945 በሊንጋየን ሰላጤ ዘመቻ ላይ ሳለች ካሚካዜ ጉዳት አድርሶባታል። በ1947 ከአገልግሎት ወጥታ፣ የኮሪያ ጦርነት በመጣ ጊዜ በ1951 ተመልሳ፣ በ1960 ዳግመኛ ታሰረች። ወረቀቱ ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ከተረከ በኋላ መጨረሻው ላይ «በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች» ብሎ ያቆማል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን ማስላት ለማንም አይከብድም፤ መርከቧ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር በሥራ ላይ የቆየችው፣ ታስራ የተቀመጠችበት ዘመን ሲቀነስ፣ ወደ 12 ዓመት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር የቆየችው ግን 29 ዓመት ነው። አብዛኛውን የአገልግሎት ዘመኗን በአንድ መስመር ማለፍ የቦታ ጥበት ነው ብዬ አልቀበልም፤ የዓሣ ነባሪው ሥዕል ሙሉ ገጽ ወስዷልና።

ያ 29 ዓመት ምን እንደነበረ መናገርም ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955 ሲሆን፣ ዋና ጣቢያው ምጽዋ፣ የመኮንኖች ማሠልጠኛው አሥመራ ነበር፤ «ኢትዮጵያ»ም የማሠልጠኛ መርከብ ሆነች። ለአውሮፕላን አቀባይነት የተሠራች መርከብ ለማሠልጠኛነት የተመረጠችበት ምክንያት ሞዴሉን ለሚገጣጥም ሰው ግልጽ ይሆንለታል ብዬ አምናለሁ። የመርከቧ ባሕርተኞች ብቻቸውን 215 ያህል ሲሆኑ፣ የበረራ ሠራተኞች ሲጨመሩ 367 ሰው እንድትይዝ ታስባ ነው የተሠራችው። ልዩነቱ ወደ 150 መኝታ ነው፤ አብራሪ በማይኖርበት ጊዜ መኝታው ለእጩ መኮንኖች ይሆናል። የባሕር ኃይሉን በማደራጀት የረዱት ኖርዌያውያንም የዚህችኑ እህት መርከብ ከ1958 ጀምሮ «ሐኮን 7ኛ» ብለው ማሠልጠኛ አድርገዋታል። የባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ላይ ሲከበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበትና የውጭ አገር የጦር መርከቦች ወደቡን በሞሉበት ዕለት፣ አገሪቱ ከእነርሱ ጎን የምታቆማት ትልቅ መርከብ እርሷ ነበረች። በውሰት የመጣችው መርከብ በ1976 በግዢ የኢትዮጵያ ሆነች። በ1980ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ፔትያ የተባሉ ሁለት የጦር መርከቦች እንኳ በመጠን ከእርሷ ያንሱ ነበር። ምጽዋ በ1990 ከተያዘች በኋላ፣ በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ተለጣፊዎቹም ከወረቀቱ አይሻሉም። 49 የሚለው የአሜሪካ ቁጥር በሦስት መጠን ተዘጋጅቷል፤ ኤ 01 ግን የለም፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይም የለም። «ኢትዮጵያ»ን መሥራት የሚፈልግ ሰው መሣሪያዎቹንም መቀነስ አለበት፤ በኢትዮጵያ ዘመኗ የነበራት አንድ ባለ 5 ኢንች መድፍና አምስት ባለ 40 ሚሊ ሜትር መድፎች ሲሆኑ፣ ሣጥኑ የያዘው በጦርነቱ ጊዜ የነበረውን ትጥቅ ነው። መቀነስ ከመጨመር ስለሚቀል ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። የተረፉት ትንንሽ መድፎች ለሌላ ሥራ ይሆናሉ ብዬ በክብሪት ቀፎ አስቀምጫቸዋለሁ።

ይህን ሞዴል ለጀማሪ አልመክርም፤ ነሐስ ማጠፍን ያልለመደ ሰው ክሬኑ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ሦስት የሬዚን መርከብ ገጣጥሞ የሚያውቅ ሰው ግን ለቀፎውና ለኋለኛው ደክ ሲል ቢገዛው አይቆጭም፤ የታሪክ ወረቀቱን ከሁለተኛው ገጽ መጨረሻ በኋላ ራሱ መቀጠል ይኖርበታል እንጂ። እኔ ቁጥሩን በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ ባለ ሦስት ፀጉር ብሩሽ ይዤ፣ በግራጫው ቀፎ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍኩት። የግራው ጎን ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የቀኙ 1 ትንሽ ወደ ኋላ ስላዘነበለ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኳት በግራ ጎኗ እንድትታይ አድርጌ ነው።