ደሴ ላይ ጣሪያ የሚያፈስባችሁ፣ እኚህን አናጢ ጥሯቸው

ዘንድሮ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ደረቅ አልጋ ላይ ተኝታለች። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ፣ የሠሩላትንም ሰው ልጠቁማችሁ።

ቤቱ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በ1979 ዓ.ም. ያሠራው የጭቃ ቤት ነው። ክዳኑም ያኔ የተመታው ቆርቆሮ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐምሌ በገባ ቁጥር ያፈሳል። ሳፋው፣ ድስቱ፣ ባልዲው ሁሉ ወለሉ ላይ ይደረደራል። እናቴ ሌሊት ተነስታ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትገፋ ታድራለች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ ስደውል "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ግን ጠብታው ሳፋው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል።

ባለሙያ አልጠራንም እንዳትሉኝ። አንዱ መጣና ሬንጅ አቅልጦ ቀዳዳው ላይ ለቀለቀ። ለዚያ ሰሞን ቆመ። በጋ ላይ ፀሐይ ሬንጁን ሰነጣጠቀውና በሚቀጥለው ክረምት ጭራሽ ባሰበት። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ "ቆርቆሮ ገዝቼ ልምጣ" ብሎ እንደወጣ ቀረ። ስልኩም አይነሳም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ጣሪያው ላይ እንኳን አልወጣም። ግቢው በር ላይ ቆሞ አንጋጠጠና "ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፣ ማገሩም ወራጁም በስብሷል፣ ዘንድሮ ላይዎ ላይ ይወርዳል" አላት። የጠራውን ዋጋ የእናቴ የዓመት ጡረታ ተደምሮም አይችለውም። ይሁን፣ ዋጋ ይጥራ። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ማስፈራራት ግን ምን ይባላል? ከዚያ ቀን በኋላ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከእንቅልፏ ትባንን ነበር።

እኚህን ሰው የጠቆሙን ጎረቤታችን ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። አናጢው የመጡት ሚያዝያ ላይ ነው። መሰላል አስደግፈው ወጡና እላይ ብዙ ቆዩ። ሚስማር ሚስማሩን እየነኩ፣ በሚስማሩ መስመር ላይ ብቻ እየረገጡ ሄዱ። መሀል መሀሉን የረገጠ ሰው ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል አሉኝ። ከዚያ ወርደው ብርድ ልብስ ጠየቁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈኑ፣ በሩን ዘጉ፣ መብራት አጠፉ። የአቡጀዲውን ኮርኒስ ጫፍ ገለጥ አደረጉና "እማማ፣ ይምጡና ቀና ብለው ይዩ" አሏት።

እናቴ አየች። ሳሎኑ ላይ በሚስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ጭል ጭል የሚል ብርሃን ነበር። ወደ ማድ ቤቱ በኩል ሲሄዱ ግን ወንፊት ነው። "አብሽሩ እማማ፣ ቤቱ አይወድቅም። ማገሩ ጤነኛ ነው። የታመመው የጓሮው በኩል ብቻ ነው" አሏት። እናቴ እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆማ አለቀሰች።

ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ነው። የፊት ለፊቱ ቆርቆሮ የድሮ ወፍራም ስለሆነ ገና ብዙ ይሠራል። ቀን በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ሌሊት በብርድ ሲኮማተር ሚስማሩ እየላላ፣ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዷል። መፍትሔው ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር ነው። የማድ ቤቱን ግን የስንት ዓመት ጭስ ከስር በልቶታል። በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉት ቀዩ ዝገት ተፈረፈረ። እሱ ይቀየራል፣ ሌላው ይቆያል። ሙሉውን ይቀየር ቢሉን እኮ እናምናቸው ነበር! ብሩንም ያገኙ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው ቀነሱት።

"ለመሆኑ ቆርቆሮ ስንት ዓመት ይቆያል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ወፍራሙ በደንብ ከተመታና ጭስ ካልነካው ከ30 ዓመት በላይ ይሄዳል፣ አሁን በርካሽ የሚሸጠው ስሱ ግን 10 ዓመትም ሳይሞላው ማፍሰስ የሚጀምር አለ አሉኝ። ስትገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 28 ከ32 ይወፍራል ማለት ነው፣ 35 ደግሞ ከሁለቱም ይሳሳል። ቆርቆሮ ቢደበዝዝ አያስደነግጥም፤ ቀይ ዝገት በሰፊው ካወጣ ግን ከዝገት የሚከላከለው የዚንክ ሽፋን አልቋልና ለመቀየር ተዘጋጁ። ከዚህ ያለፈውን፣ የኮልሞውንም (የጣሪያው አናት ክዳን ነው) የአሸንዳውንም ነገር ነግረውኛል፤ እሱን እሳቸው ይወቁት።

አሁን እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምታወራውን ልንገራችሁ። ሥራው አልቆ እቃቸውን ከሸከፉ በኋላ አልሄዱም። ከረዳታቸው ጋር ጎንበስ ብለው ግቢውን ሙሉ፣ ከጎመን መደቡ ሥር ሳይቀር፣ የወደቀ አሮጌ ሚስማር ለቀሙ። ረዳቱ ደክሞት "ይበቃል" ሲል "እማማ በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱት፣ አላየህም?" አሉት። እኔ ልጇ ነኝ፤ ይህን ግን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጣለ በኋላም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ኮርኒሱን እየነካኩ አዩት። ብር ሲሰጣቸው እምቢ አሉ። ቡና ጠጥተው፣ ተመርቀው ሄዱ። እጃቸው ይባረክ፣ ክፉ አይንካቸው!

እንግዲህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ ርቃችሁ ወላጅ እዚያ ያላችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ጥሯቸው። ቀብድ አይጠይቁም። የእጅ ዋጋቸውን አይተው ይነግሯችኋል፣ በኋላም አይጨምሩም። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ራሳችሁ ትገዛላችሁ፤ ከፈለጋችሁ ሱቅ ድረስ አብረው ሄደው ይመርጡላችኋል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስላሉኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። የኛ አገር በልግም ስላለው ሰኔን አትጠብቁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ አስወጥታችሁ አሳዩአቸው። ዝናብ ከጀመረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚፈልጋቸው አታገኟቸውም።