ደብረ ማርቆስ ከተማ ላገኘሁት የላብራቶሪ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ዘገየሁ። የአራስ ቤት ነገር መቼም ታውቁታላችሁ።

ልጃችን በተወለደች ዕለት ደሟን አስመረመርኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያስመረመርኳት። የእኔ ኮሌስትሮል 318 ነው። አባቴም በ44 ዓመቱ ማሳ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ለእሷም ተላልፎ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ጠየቅኩ፤ "ይቻላል" አሉኝ፤ ከፈልኩ።

ውጤቱ በማግስቱ መጣ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 71፣ "ጥሩው" የሚባለው ኤችዲኤል 33። ከሁለቱም ጎን ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት አለ፤ በዚያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። "ስቧ በጣም ወርዷል፣ የእናትየው ጡት አልበቃትም" ተባልኩና የቆርቆሮ ወተት ገዝቼ ወጣሁ። ከፍ ይላል ብዬ ስፈራ ዝቅ አለ ሲሉኝ የቱን እንደምፈራ ጠፋኝ።

አማቴ ደግሞ ቆርቆሮውን ገፋ አድርጋ ለጋ ቅቤ በጣቷ ይዛ መጣች። አራስ ልጅ ቅቤ ማላስ በእኛ አገር የቆየ ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም እምቢ አለች። ቤቱ ተኮራረፈ።

በስድስተኛው ቀን እኔና አማቴ ወረቀቱን ይዘን ከደምበጫ ማርቆስ ገባን። አራሷና ልጇ እቤት ቀሩ። ባለሙያውን የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው። ወረቀቱን ተቀበለና ቁጥሩን ሳያይ "ደሙ ሲቀዳ ስንት ቀኗ ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። ፈገግ አለ። "ይሄ ቀስት የአዋቂ ቀስት ነው" አለ። ማሽኑ የማንን ደም እንደለካ አያውቅም፤ የአዋቂ መለኪያ ከተሞላበት በዚያው ያትማል። ለአዋቂ ከ200 በታች ይሁን ይባላል። ገና የተወለደ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ 60ና 70 ሚሊግራም አካባቢ ነው። 71 ማለት የጤነኛ አራስ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። "እማማ፣ ወተት ሲገፉ ቅቤው ካሬራው ጋር ይዋሃዳል?"

"ምን ሲደረግ! ይንሳፈፋል እንጂ።"

"ደም ውስጥም እንደዚያው ነው። ስብ ብቻውን አይሄድም፣ ተሸካሚ ይፈልጋል።" የደረሰኜን ጀርባ ገልብጦ ትንንሽ ክቦች ሳለ። ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል የምንላቸው እነዚህ ተሸካሚዎች ናቸው። በአዋቂ ላይ አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሸከመው ኤልዲኤል ነው። በአራስ ግን ግማሽ ያህሉ ኤችዲኤል ላይ ነው። 33ን ከ71 ጋር አስተያዩት። ያ ደረሰኝ እስካሁን ኪሴ ውስጥ አለ።

ወተቱ ላይ ሲደርስ ግን አፈርኩ። ኮሌስትሮል ያለው ለካ የእናት ጡት ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ስብ ጎደላት ተብሎ የጎደለውን ገዛሁ ማለት ነው! ልጅቱ እየጠባች ስትሄድ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይወጣል። መውጣቱም አያስፈራም፤ የሚያድግ ሰውነት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። ከሰውነታችን ኮሌስትሮል ሩብ ያህሉ አንጎል ውስጥ ነው፤ እሱን ግን አንጎል በአብዛኛው ራሱ ይሠራዋል እንጂ ከደም አይወስድም።

"በቀን ስንቴ ትሸናለች?" አለ። አማቴ "ኧረ ጨርቅ አልቻልንም" አለችው። "እንግዲያው ጡቱ እየደረሳት ነው። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኗት። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያርጉት።" አማቴ ሳቀች። የእኔን ወሬ ቢሆን አትሰማም ነበር።

ወደ ዋናው ፍርሃቴ የመለሰኝም እሱ ነው። በዘር የሚመጣው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ካለብኝ ለእያንዳንዱ ልጄ የመድረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በአራስ ደም ግን አይለይም፤ ያለበትም የሌለበትም ልጅ ቁጥር ይቀላቀላል። ሁለት ዓመት ሲሞላት አምጣት አለኝ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አየኝና "ወንድሞችህስ ተመርምረዋል?" አለ።

አልተመረመሩም። ስለ ስድስት ቀን ልጅ ስጨነቅ የ29 ዓመቱን ታናሼን ረስቼዋለሁ። በሳምንቱ ወሰድኩት። 305። "መድኃኒት የማዘው እኔ አይደለሁም" ብሎ ራሱ ሐኪም ዘንድ አደረሰን። ታናሼ አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል።

ለዚያ ሁሉ ማብራሪያ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ማር ይዤ ብሄድ መለሰኝ። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎ አስምሎኛልና እዚህ አልጽፍም። ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ግራ የገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮ ውጤቶቻችሁን በሙሉ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።