የልጄን የሚዲያ ኮርስወርክ ላገዘልን ቪዲዮ አንሺ ምስጋናዬ ይድረሰው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ለንደን ያላችሁ፣ በተለይ ኤ ሌቨል ላይ ሚዲያ ስተዲስ የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሜን ለንደን የሚሠራ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ወንድማችንን ላመሰግን ነው። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለኝ አልጠራውም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት፣ የዚህ ትምህርት ውጤት 30 በመቶው ከፈተና አይደለም የሚመጣው፤ ልጁ ራሱ ከሚሠራው ፕሮጀክት፣ ማለትም ከኮርስወርኩ ነው። ከ60 ይታረማል። ልጄ የሙዚቃ ቪዲዮና ከሱ ጋር የሚሄድ ድረገጽ ነው የሠራችው። ምን፣ ለማን፣ ለምን እንደምትሠራ የሚያስረዳ 500 ቃል ገደማ ጽሁፍም አለው። ቪዲዮውም ፎቶውም የራሷ መሆን አለበት፣ ከኢንተርኔት መልቀም የለም።

እኛ ቤት ካሜራ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው ሳጠያይቅ አንዱ «አምጪው፣ ጥርት አድርጌ እሠራላታለሁ» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። እንዴ! አስተማሪው እኮ ሥራው የልጅቷ መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚልከው። ቢደረስበት የሚቃጠለው የማን ውጤት ነው? ተውኩት።

ይሄኛው ግን ገና በስልክ ሳናግረው «እኔ አልቀርጽላትም፤ እንዴት እንደምትቀርጽ ግን አሳያታለሁ» አለኝ። ልቤ አረፈ።

መጀመሪያ ቀን ካሜራ እንኳ ይዞ አልመጣም። ወረቀትና እርሳስ አስወጣት። ዘፈኑን እየደጋገመች እያዳመጠች፣ ሾት በሾት፣ ማለትም እያንዳንዱን ቀረጻ ለየብቻው ሳለች። ከዚያ ሾቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታ አስደረደራት፤ ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀረጸው ሁሉ፣ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውም መጨረሻ ላይ የሚመጣውም፣ በአንድ ጠዋት ያልቃል፣ የውጪው ደግሞ ለብቻው፣ ምክንያቱም ዲሴምበር ላይ እዚህ አገር በእኛ ሰዓት 10 ሳይሞላ ስለሚጨልም ጠዋቱ ካመለጠ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሰበችውን ትዕይንት «ለአንደርግራውንድ ፈቃድ ጠይቀሻል?» ብሎ አስቀየራት። አውቶቡስ ፌርማታ ሆነ። እንዲያውም እሱ አማረ።

የቀረጻውን ቀን ልንገራችሁ። አንዲት የምናውቃት እህት ምግብ ቤቷን ሳትከፍት በጠዋት ፈቀደችልን፣ በጽሁፍ ጭምር። ልጄ ቡና ሲቀዳ በቅርበት መቅረጽ ፈልጋለች። ጀበናው ይቀዳል፣ ስክሪኑ ላይ ግን እንፋሎት የሚባል ነገር የለም። እሱ መልሱን አልነገራትም። «መብራቱን የት ብናደርገው ይሻላል?» ብቻ አላት። ከፊት ሞከረች። ከጎን ሞከረች። በመጨረሻ ከስኒው ኋላ ሲሆን፣ ጥቁሩ መጋረጃ ላይ ነጭ እንፋሎት ጥቅልል እያለ ወጣ። ሁላችንም እሰይ አልን፣ ባለቤቷም ሳይቀር።

መብራቱን የያዘው እሱ ነው። ደንቡ ይህንን ይፈቅዳል፤ ልጁ እስካዘዘና የረዳው ሰው ከሥራው ጋር በሚላከው ቅጽ ላይ እስከተጻፈ ድረስ ችግር የለውም። ስንት ሰርግና መልስ ያነሳ ሰው፣ የ17 ዓመት ልጅ «ጋሼ ትንሽ ዝቅ፣ አይ አይ ወደ ግራ» ስትለው «እሺ ዳይሬክተሯ» እያለ ሲታዘዝ ማየት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ።

ሌላም አለ። ስልኳ ላይ ስትሞክር የጣሪያው መብራት ይርገበገብባት ነበር። የእንግሊዝ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም (ምስል) በሰከንድ፣ ሸተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጊው አላት። ቆመ። ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹን እያዩ ቢከተሉ ይህ አይገኝም፣ የነሱ መብራት 60 ነው።

ኤዲቲንግ ላይ እጁን አላስገባም። ፋይሉን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ገልብጣ፣ ቅጂውን ሌላ ድራይቭ ላይ አስቀምጣ እንድትጀምር ብቻ ነገራት። ከክፍሏ ልጆች ፍላሻቸውን ነቅለው ሄደው፣ በማግስቱ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ፕሪሚየርን ሲከፍቱ፣ ቪዲዮው አልተገኘም የሚለው ያ ቀዩ «ሚዲያ ኦፍላይን» የጠበቃቸው ነበሩ።

እንከን የለውም ወይ ካላችሁ፣ አለው። ሜሴጅ ቶሎ አይመልስም፣ ደውሉለት። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰመር መጨረሻ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ስለሆነ አታገኙትም። የሚገኘው በጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ሰርግ የለም፤ ልጄም ቀረጻዋን የሠራችው በዚያው ሰሞን ስለነበር ግጥም አለልን። ዋጋው በሰዓት ነው፣ ሌላ ቦታ ከጠየቁኝ በጣም ያነሰ። መብራቱንና ማይኩን ሳያስከፍል አውሶናል።

ልጄ ሥራዋን አስረክባለች፣ ውጤቱ ኦገስት ላይ ነው። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ። እናንተም ስትደውሉለት «ልጄን አሳይልኝ» በሉት እንጂ «ሥራላት» እንዳትሉት፣ ስልኩን ይዘጋባችኋል።