ከላሊበላ ጎንደር፦ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ያሰበ ሰው በሁለቱ በዓላት መካከል 12 ቀን አለው። ጊዜው ሰፊ ስለሚመስል ብዙዎች የመሀሉን ጉዞ ሳያስቡበት ትኬት ይቆርጣሉ። እኔ ግን መጀመሪያ እንዲታሰብበት የምመክረው እሱን ነው።

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ የሚሰማራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ይህን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ከፍታውን ከመያዙ መውረድ ይጀምራል። ይሁንና የላሊበላው ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ነው ያለው። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስም በአዘዞ በኩል ከከተማው ወጣ ይላል። ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ከሆቴል እስከ ሆቴል አራት ሰዓት ያህል ያዙለት።

ይህ ግን በረራው ቀጥታ ከሆነ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ 180 ኪሎ ሜትሩ ወደ 750 ያድጋል፦ ወደ ደቡብ 335፣ ተመልሶ ወደ ሰሜን 420። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ትኬቱ ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን እዩ። ቦሌ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ በሰዓት በኩል ከመኪናው ብዙም አይሻልም።

መኪናው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በደብረ ዘቢጥ፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወርዳል፤ ከወረታ ወደ ሰሜን በአዲስ ዘመን ጎንደር ይገባል። በኮንትራት መኪና ጧት 12 ሰዓት የተነሳ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃዋል። በሕዝብ ማመላለሻ ግን ጋሸና ወይም ወረታ ላይ መኪና መቀየር ስለሚያጋጥም ቀኑን ሙሉ ስጡት። ጋቢ አትርሱ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ በዚያ በኩል ነው፣ የጥር ብርዱም አይጣል ነው። እንደ እኔ የዚህ አገር ውበት ያለው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ስትደርሱ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት ቅርብ ነው፤ ከአውሮፕላን መስኮት ይህ ሁሉ አይገኝም።

ይህን ያልኩት ለሰላም ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ይህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በረራም የተቋረጠበት ወቅት ነበር። ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ ጋሸናና ደብረ ታቦር ያለ ሰው ደውላችሁ ሳትጠይቁ በመኪና አትነሱ። አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ግን፣ በቦሌ ቢዞርም አውሮፕላኑን ምረጡ።

ከውጭ የምትመጡ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገባችሁ የአገር ውስጡ ትኬት ስለሚቀንስላችሁ፣ ስትገዙ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር አሳዩ።