ዓባይና ኤፍራጥስ፦ ወንዝ ሲያዋጋና ሲያስተዳድር

ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወረድ፣ ከአዋሽ የተጠለፈው ውኃ በየቦዩ የሸንኮራ አገዳውን ሲያጠጣ ይታያል። የላይኛው ሰው ቦዩን ቢዘጋው የታችኛው ምን ይሆናል? በጥንታዊት ሜሶፖታሚያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ ይህ ጥያቄ ጦር አማዝዟል።

የአገሩ ወንዞች ኤፍራጥስና ጤግሮስ ይሞሉ የነበረው በሚያዝያና በግንቦት ገደማ፣ እህሉ ለአጨዳ ሲደርስ ነበር። ስለዚህ ያለ ግድብና ያለ ቦይ መኖር አይቻልም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2450 ገደማ ላጋሽና ኡማ የተባሉ ጎረቤት ከተሞች በአንድ ለም መስክና በቦይ ውኃ ተዋጉ። ላጋሽ ለድሏ ያቆመችው ሐውልት ስብርባሪ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም ይገኛል፤ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው፣ ጦራቸውን ወድረው የሚሄዱ ወታደሮች፣ የሙታንን ጭንቅላት ይዘው የሚበሩ አሞሮችም ተቀርጸውበታል። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢም በሕጉ፣ ግድቡን ሳይጠግን ቀርቶ የጎረቤቱን እርሻ በውኃ ያስበላ ሰው እህሉን እንዲተካ አዟል።

ዓባይ ሌላ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሳይሠራ፣ ከእኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ውኃ ግብፅ ይደርስ የነበረው ከዘር በፊት ነበር፤ ደለሉን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ግራና ቀኙ በረሃ ስለሆነ ወራሪ በቀላሉ አይገባም። ጀልባ በወራጁ ወደ ሰሜን፣ በነፋሱ ወደ ደቡብ ስለሚሄድ አንድ ንጉሥ አገሩን ሁሉ ይደርስበታል። ሆኖም ከእስያ የመጡት ሂክሶሶች ዴልታውን፣ ማለትም ወንዙ ወደ ባሕር የሚገባበትን አገር፣ ይዘው ነበር።

በእኔ እምነት መንግሥትን በማጽናት ዓባይ ይበልጣል። በውልና በሕግ ግን የኤፍራጥስ ሰዎች ይቀድማሉ፤ ለላጋሽና ለኡማ የኪሽ ከተማ ንጉሥ መሲሊም ከዚያ ጦርነት አስቀድሞ ወሰናቸውን ለይቶ ድንጋይ አቁሞላቸው ነበር።