«ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ»፦ መፍትሔው በእጃችን ላልሆነ ጭንቀት የተዘጋጀ ሥልጠና

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን «ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ» የተባለ ሥልጠና የተከታተልኩት፣ በምኖርበት የአውሮፓ ከተማ ስደተኞችን የሚረዳ አንድ ማኅበር ለአማርኛ ተናጋሪዎች በከፈተው መርሐ ግብር ነው። አብዛኞቻችን የጥገኝነት ማመልከቻችንን ውሳኔ የምንጠብቅ፣ ወይም ስልክ በተቋረጠበት አካባቢ ወላጅና ልጅ ያለን ሰዎች ነበርን። ስለዚህ ሥልጠናውን የምመዝነው፣ መፍትሔው በእጁ ላልሆነ ሰው ምን ይጠቅማል በሚለው ጥያቄ ነው።

በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ በጠቅላላው አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው ሥልጠና ነው። እስከ 30 የሚደርሱ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የተቀዳ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ልምምዶቹንም አብረው ይሠራሉ። የሚመሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አወያዮች ናቸው። ማንም የደረሰበትን እንዲናገር አይገደድም፤ ገመናውን በሰው ፊት ማውጣት ለሚከብደው ለእኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሥልጠናው ትልቁ ብርታት «አትጨነቁ» አለማለቱ ነው። ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ እግርን ወለሉ ላይ ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ከዚያም በዙሪያ የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚዳሰሰውን ልብ ማለትን ያስተምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ልምምድ ሐሳቡን ከመታገል ይልቅ ለራስ «ይኸው ከባድ ሐሳብ መጣ» ብሎ በስሙ መጥራትና ልብን ወደ ያዙት ሥራ መመለስ ነው። አስጨናቂው ሐሳብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እየጎተተ አይወስድም። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሦስተኛው ክፍል ነው፤ እዚያ በማንኛውም አስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ሦስት አማራጭ እንዳለ ይነገራል፤ ከሁኔታው መውጣት፣ ሊለወጥ የሚችለውን እየለወጡ የማይለወጠውን ሕመም ተቀብሎ እንደ እምነትና እሴት መኖር፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ሁሉን መተው። የዳኛውን ውሳኔ ማፋጠን አልችልም፤ ጠበቃዬ የጠየቀችኝን ሰነድ አሟልቶ ማቅረብና ለልጆቼ ትዕግሥተኛ አባት መሆን ግን እችላለሁ።

በመካከላችን የነበሩ አንዲት እናት «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ይሉ ነበር፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አልሸሸጉም። ሥልጠናው ከጸሎታቸው ጋር አልተጋጨም። እንዲያውም ለፈጣሪ የሰጡትን ጉዳይ ደጋግመው መልሰው ሲወስዱት በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚያደርጉ አሳያቸው፤ እኔም እምነት ያለው ሰው ሳይሠጋ ሊካፈለው ይችላል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ ማጋነን አልወድም። በኡጋንዳ በ694 ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2020 የታተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ የነበረባቸው ጭንቀት መቀነሱን አሳይቷል፤ ሆኖም ለውጡ ጎልቶ የታየው ሥልጠናው እንዳበቃ ሲሆን ከሦስት ወር በኋላ ሳስቶ ነበር። በእኛም ቡድን ያስተዋልኩት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልምምዱን የቀጠሉት ጥቅሙ ሲቆይላቸው፣ ያቋረጡት ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። ማኅበሩ ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ የሚያሰባስብ ምንም ዝግጅት ስላልነበረው፣ ብዙ ሰው ገና ሲለምደው ተበተነ። ሌላው ጉድለት የቋንቋ ነው። ቅጂው በእንግሊዝኛ ይሰማና አወያይዋ እያቆመች ስለምትተረጉምልን፣ ጸጥታ የሚሻው የአተነፋፈስ ልምምድ በየመካከሉ ይቆራረጥ ነበር። አስቀድሞ በአማርኛ የተቀዳ ድምፅ ቢዘጋጅ በዚህ ረገድ የደከመችው ድካም ሁሉ ይቀርላት ነበር።

ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የሚመላለስበት፣ ወይም ከአልጋ መነሳት እስኪያቅተው የተዳከመ ሰው ይህን ሥልጠና በሕክምና ምትክ ሊወስደው አይገባም፤ በቅድሚያ ሐኪም ማየት አለበት። ለቀረነው፣ በተለይ ውሳኔና ዜና እየጠበቅን ቀናችን ለሚያልፍብን ሰዎች፣ ዕድሉ ከተገኘ መመዝገቡን አጥብቄ እመክራለሁ። ቡድን በአቅራቢያው የሌለው ሰው አብሮት የሚሰጠውን ሥዕላዊ መጽሐፍና የልምምድ ድምፆቹን ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነፃ ማግኘት ይችላል፤ ከጓደኛ ወይም ከትዳር አጋር ጋር በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል።